ለማይታወቅ ጠያቂ የሚያዝ መዝገብ፦ በይዘት ላይ የተመሠረተው የኢንተርኔት ንድፍና አገልግሎት የመንፈግ ጥቃት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰማ ንግግር)




ማንኛውም የመገናኛ ሥርዓት ሲነደፍ ሁለት ጥያቄዎች አብረው ይነሣሉ። የመጀመሪያው ሥርዓቱ በደኅና ቀን ምን ያህል ይሠራል የሚል ነው። ሁለተኛው ክፉ አሳቢ በተነሣበት ቀን ምን ይደርስበታል የሚል ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ኢንተርኔት በተነደፈበት ዘመን የመጀመሪያው ጥያቄ በጥልቅ ሲመረመር ሁለተኛው ተገቢውን ትኩረት ሳያገኝ ቀረ። የዚያም ዕዳ እስከ ዛሬ ድረስ እየተከፈለ ነው። ስለሆነም ኢንተርኔትን ከመሠረቱ ለመለወጥ የሚያስብ አዲስ ንድፍ ሲቀርብ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ከግንባታው በፊት ሊጠየቅ ይገባዋል።

የዛሬው ንግግር ዓላማ በይዘት ላይ የተመሠረተ ተብሎ የሚጠራውን የኢንተርኔት ንድፍ ከአንድ ወገን መመርመር ነው፤ ይኸውም አገልግሎት የመንፈግ ጥቃት ሲገጥመው የሚኖረውን ጥንካሬና ድካም ማሳየት ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ማስታወስ ይገባል።

አሁን ያለው ሥርዓትና ጉድለቱ

የዛሬው ኢንተርኔት መሠረቱ አድራሻ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ቁጥር አለው፤ መልእክቱም በትናንሽ ፓኬቶች ተከፋፍሎ የላኪውንና የተቀባዩን ቁጥር ይዞ ይጓዛል። በመንገድ ላይ ያሉት ራውተሮች የተቀባዩን ቁጥር ተመልክተው ፓኬቱን ወደሚቀጥለው ጣቢያ ያሳልፉታል። ተቀባዩ ፓኬቱን ፈልጎት እንደሆነና እንዳልሆነ የሚጠይቅ የለም። የላኪው ቁጥር እውነተኛ መሆኑንም ብዙውን ጊዜ የሚያጣራ የለም። ማንም ሰው ለማንም ሰው ያልተጠየቀ ነገር መላክ ይችላል ማለት ነው።

ይህ ነፃነት የሚያስከትለው አደጋ በሴፕቴምበር 1996 በጉልህ ታየ። በኒው ዮርክ ከተማ የኢንተርኔት አገልግሎት ይሰጥ የነበረው ፓኒክስ የተባለ ድርጅት በዚያ ወር ለቀናት ሥራው ተሰናከለበት። አጥቂው የተጠቀመበት ዘዴ ቀላል ነበር። አንድ ኮምፒዩተር ከሌላው ጋር ግንኙነት ለመጀመር ሲፈልግ የመጀመሪያ ሰላምታ ይልካል፤ ተቀባዩም መልስ ሰጥቶ የመጨረሻውን ማረጋገጫ እስኪያገኝ ድረስ ጉዳዩን በመዝገብ ይይዛል። አጥቂው በሐሰተኛ አድራሻ የተላኩ ሰላምታዎችን አከታትሎ ላከ። ማረጋገጫው አልመጣም፤ መዝገቡ ሞላ፤ እውነተኛው ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ለዚህ ጥቃት ብዙ ኃይል አላስፈለገም። የአገልጋዩ ኮምፒዩተር ለማያውቀው ሰው ሲል መዝገብ መያዙ ብቻ በቂ ነበር።

በዚያው ወር ዳንኤል በርንስታይንና ኤሪክ ሼንክ ያፈለቁት መፍትሔም ሊዘነጋ የማይገባው ነው። አገልጋዩ በመዝገብ ሊይዝ የሚገባውን ነገር በምስጢር ስሌት አሳጥሮ በሚመልሰው ቁጥር ውስጥ ይጽፈዋል። ጠያቂው እውነተኛ ከሆነ ያንኑ ቁጥር ተመርኩዞ ይመለሳል፤ ሐሰተኛ ከሆነም አገልጋዩ ያጣው ነገር የለም። በአጭሩ፣ የመዝገቡ ሸክም ከአገልጋዩ ወደ ጠያቂው ተዛወረ። ይህ አሳብ ከብዙ ዓመታት በኋላ በሌላ መልክ ተመልሶ ይመጣል።

ከዚያ ወዲህ ጥቃቱ በዓይነትም በመጠንም አደገ። በፌብሩዋሪ 2000 ያሁ፣ ኢቤይ፣ ሲ.ኤን.ኤን. እና አማዞን በተከታታይ ቀናት ተጠቁ። በኦክቶበር 2016 ሚራይ በተባለ ክፉ ፕሮግራም የተያዙ የጥበቃ ካሜራዎችና የቤት ራውተሮች ተባብረው ዳይን የተባለውን የስም አገልግሎት ሰጪ አጠቁ፤ ብዙ የታወቁ ድረ ገጾችም ለሰዓታት ተሰወሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ እያንዳንዳቸው ደካማ የሆኑ መሣሪያዎች በኅብረት ትልቁን ጣሉት። በፌብሩዋሪ 2018 ደግሞ ጊትኸብ በሴኮንድ 1.35 ትሪሊዮን ቢት የሚደርስ ጎርፍ ወረደበት። ይህ ጎርፍ ከአጥቂዎቹ መሣሪያዎች በቀጥታ የመጣ አልነበረም። አጥቂዎቹ የተጠቂውን አድራሻ እንደራሳቸው አድርገው ለሌሎች ኮምፒዩተሮች ትንሽ ጥያቄ በመላካቸው፣ የእነዚያ ኮምፒዩተሮች ግዙፍ መልስ በተጠቂው ላይ ወረደ።

ይዘትን በስሙ መጥራት

በ1986 በካሊፎርኒያ በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በአጠገቡ ባለው ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው መስመር በድንገት ተጨናነቀ። የሁለቱ ርቀት ከ400 ሜትር አይበልጥም፤ ነገር ግን በሴኮንድ 32 ሺህ ቢት የነበረው ፍጥነት ወደ 40 ቢት ወረደ። ነገሩን መርምሮ በ1988 መፍትሔውን ካቀረቡት አንዱ ቫን ጃኮብሰን ነበር። ያ መፍትሔ ዛሬም ኢንተርኔት በመጨናነቅ እንዳይወድቅ ከሚያደርጉት ምሰሶዎች አንዱ ነው።

ይኸው ሰው ከሃያ ዓመታት በኋላ፣ በ2006 በሰጠው ሰፊ ንግግር፣ የኢንተርኔት መሠረታዊ አሳብ እንዲለወጥ ጠየቀ። በ2009ም ፓርክ ከተባለው የምርምር ማዕከል ባልደረቦቹ ጋር በሮም በተደረገው የሙያ ጉባኤ ላይ የንድፉን ዝርዝር አቀረበ። መነሻቸው ይህ ነበር፦ የቀድሞዎቹ ሊቃውንት ኢንተርኔትን ሲነድፉ ሁለት ኮምፒዩተሮችን እንደ ስልክ ማገናኘት ነበር ዓላማቸው፤ የዛሬው ተጠቃሚ ግን የሚፈልገው ጽሑፉን፣ ሥዕሉን ወይም ፊልሙን ነው፤ ከየትኛው ማሽን እንደመጣለት አያስጨንቀውም። እንግዲያውስ መረቡ ራሱ ይዘትን በስሙ ቢያውቅ ይሻላል አሉ። በ2010 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ድጋፍ ድርጅት ለወደፊቱ ኢንተርኔት ንድፍ ከደገፋቸው ፕሮጀክቶች አንዱ በሊክሲያ ዣንግ መሪነት በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው ኤን.ዲ.ኤን. ሲሆን፣ የተመሠረተውም በዚሁ አሳብ ላይ ነው። በጁላይ 2019 ደግሞ የዚህ ቤተሰብ አባል የሆነው ሲ.ሲ.ኤን.ኤክስ. የተባለው ደንብ አር.ኤፍ.ሲ. 8569 እና 8609 በሚሉ ቁጥሮች ለሙከራ ታትሟል።

የአሠራሩ ፍሬ ነገር እንደሚከተለው ነው። በመረቡ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፓኬት ብቻ ይጓዛል፤ አንዱ ጥያቄ፣ ሌላው ይዘት። ጥያቄው የሚፈለገውን ነገር ስም ይዟል፤ የጠያቂው አድራሻ የለበትም። ይዘቱ ስሙንና የአቅራቢውን ዲጂታል ፊርማ ይዟል። እያንዳንዱ ራውተር ሦስት ነገሮች አሉት። የመጀመሪያው ያለፉ ይዘቶችን ለጊዜው የሚያኖርበት ማከማቻ ነው። ሁለተኛው የትኛው ስም በየት በኩል እንደሚገኝ የሚያመለክት የአቅጣጫ መዝገብ ነው። ሦስተኛው በእንጥልጥል ያሉ ጥያቄዎች መዝገብ ነው።

ጥያቄ ሲደርስ ራውተሩ በቅድሚያ ማከማቻውን ያያል፤ ይዘቱ ካለ ወዲያው ይመልሳል። ከሌለ፣ ጥያቄው በየትኛው በር እንደገባ በእንጥልጥል መዝገቡ ላይ ጽፎ ወደፊት ያሳልፈዋል። ለዚያው ስም ሌላ ጥያቄ በሌላ በር ቢመጣ አዲስ ጥያቄ አይልክም፤ በሩን ከነበረው መስመር ላይ ይጨምራል። ይዘቱ ሲመለስም የመዝገቡን ፍለጋ ተከትሎ፣ ጥያቄው በገባባቸው በሮች ሁሉ እየወጣ፣ ወደ ጠያቂዎቹ ይደርሳል። መልሱ እንዳለፈ መስመሩ ይሰረዛል።

ከዚህ አሠራር ታላቅ ጥቅም ይገኛል። ያልተጠየቀ ይዘት በመዝገቡ ላይ መስመር ስለሌለው በመጀመሪያው ራውተር ላይ ይጣላል። በ2018 የታየው ዓይነት፣ በሰው አድራሻ ተመስሎ ጎርፍን ወደ ሌላው የማዞር ዘዴ መሠረቱ ይናዳል፤ የሚመሰልበት አድራሻ የለምና። ለአንድ ጥያቄ ከአንድ መልስ በላይ አያልፍም። ብዙ ሰው አንድን ተወዳጅ ይዘት በአንድ ጊዜ ቢጠይቅም ዋናው አቅራቢ የሚያየው ጥቂት ጥያቄዎችን ብቻ ነው። ዛሬ ታላላቅ ኩባንያዎችን የሚያስጨንቁት ብዙዎቹ ጥቃቶች በዚህ ንድፍ ውስጥ ቦታ አያገኙም ማለት ይቻላል።

የጥያቄ ጎርፍ

ይሁን እንጂ መከላከያውን የሚሰጠው ያው መዝገብ አዲስ በር ይከፍታል። በ1996 መዝገቡ የሞላው በአገልጋዩ በኩል ነበር። በአዲሱ ንድፍ በመንገድ ላይ ያለው እያንዳንዱ ራውተር ለማያውቀው ጠያቂ ሲል መዝገብ ይይዛል። በ2012 ፓውሎ ጋስቲ፣ ጂን ሱዲክ፣ ኤርሲን ኡዙንና ሊክሲያ ዣንግ ይህን አደጋ በዝርዝር አጥንተው አቀረቡ። ከጥናቱ ደራሲያን አንዷ የፕሮጀክቱ መሪ ራሷ መሆኗ ሊመሰገን ይገባዋል፤ የራስን ሥራ ድካም ራስ መርምሮ ማውጣት የሙያ ክብር ነውና።

ጥናቱ የጥያቄን ጎርፍ በሦስት ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ያለ ይዘትን ደጋግሞ መጠየቅ ነው። ይህ ብዙ ጉዳት የለውም፤ መልሱ አንዴ በመንገድ ላይ ባሉት ማከማቻዎች ከተቀመጠ ተከታዩ ጥያቄ ሩቅ አይሄድም። ሁለተኛው በተጠየቀ ጊዜ ብቻ የሚዘጋጅ ይዘትን መጠየቅ ነው። እዚህ ላይ ማከማቻው አይረዳም፤ አቅራቢው ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ሲያዘጋጅና ሲፈርም ጉልበቱ ያልቃል። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ ይኸውም በዓለም ላይ የሌለ ይዘትን መጠየቅ ነው።

አጥቂው የአንድን ድርጅት የስም መነሻ ይወስድና በመጨረሻው ላይ ትርጉም የሌላቸው ፊደላት ይጨምርበታል። እያንዳንዱ ስም ከሌላው ስለሚለይ ራውተሩ ጥያቄዎቹን በአንድ መስመር ሊያጠቃልላቸው አይችልም። ይዘቱ ስለሌለም ከማከማቻ አይገኝም። ሁሉም ወደ አንዱ ድርጅት አቅጣጫ ይጎርፋሉ፤ በየራውተሩም መስመር ይይዛሉ፤ መልስ ስለማይመጣም ዕድሜያቸው እስኪያልቅ ድረስ አይሰረዙም። በኤን.ዲ.ኤን. ደንብ ጠያቂው የዕድሜ ልክ ካልወሰነ፣ አንድ ጥያቄ 4 ሴኮንድ ይቆያል።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። ለምሳሌ ያህል 1 ሺህ በስውር የተያዙ መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው በሴኮንድ 100 የሐሰት ጥያቄዎችን ይላኩ እንበል። የጥያቄው መጠን 100 ባይት ቢሆን ጠቅላላው ጎርፍ በሴኮንድ 80 ሚሊዮን ቢት ብቻ ነው፤ ከ2018ቱ ጎርፍ ጋር ሲነጻጸር እንደ ጠብታ የሚቆጠር ነው። ነገር ግን በሴኮንድ 100 ሺህ ጥያቄ ለ4 ሴኮንድ ሲቆይ፣ መንገዶቹ በሚገናኙበት ራውተር ላይ 400 ሺህ መስመሮች ዘወትር እንደተያዙ ይኖራሉ። የቅን ሰው ጥያቄ በአንድ አሥረኛ ሴኮንድ ውስጥ መልስ አግኝቶ ይሰረዛል ቢባል፣ አንዱ የሐሰት ጥያቄ የአርባ እውነተኛ ጥያቄዎችን ቦታ ይይዛል። ሐሰተኛው ጥያቄ የሚጎዳው በክብደቱ ሳይሆን በመቆየቱ ነው። መዝገቡ ሲሞላም ራውተሩ አዲስ ጥያቄ መቀበል ያቆማል፤ ያን ጊዜ የሚመለሰው የአጥቂው ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ራውተር የሚያልፉ የሌሎች ድርጅቶች ደንበኞችም አብረው ይመለሳሉ።

የመከላከያው ዘዴና ዋጋው

ለዚህ አደጋ መድኃኒት ፍለጋው ወዲያው ተጀመረ። ቀላሉ ዘዴ በእያንዳንዱ በር የሚገባውን የጥያቄ ብዛት መወሰን ነው። ይህ ግን ክፉውንና ደጉን በአንድ ሚዛን ይመዝናል። አጥቂው ለበሩ የተፈቀደውን ድርሻ በሐሰት ጥያቄ ከሞላው፣ በዚያው በር የሚመጣው ቅን ሰው ድርሻ ያጣል፤ መከላከያው ራሱ ጥቃቱን ፈጸመለት ማለት ነው።

በ2013 አሌክሳንደር አፋናሲየቭና ባልደረቦቹ የተሻለ መለኪያ አቀረቡ። ራውተሩ በእያንዳንዱ በር ከገቡት ጥያቄዎች ስንቶቹ መልስ እንዳገኙ ይቆጥራል። መልስ የሚያገኙ ጥያቄዎች የሚመጡበት በር ሰፋ ያለ ድርሻ ይሰጠዋል፤ መልስ አልባ ጥያቄ የሚበዛበት በር ይጠብበታል። ከዚህም አልፎ ራውተሩ ገደቡን ወደ ኋላ ላለው ጎረቤቱ ያስታውቃል፤ ያም ለሚቀጥለው ያስታውቃል፤ በዚህ ሁኔታ ግድቡ ደረጃ በደረጃ ወደ ጎርፉ ምንጭ ይጠጋል። በሙከራቸው ካነጻጸሯቸው ዘዴዎች ሁሉ ይህ ወደ ኋላ የመግፋት ዘዴ የተሻለ ውጤት አሳይቷል። በዚያው ዓመት አልቤርቶ ኮምፓኞ፣ ማውሮ ኮንቲ፣ ጋስቲና ሱዲክ ፖሲዶን የተባለውን ዘዴ አቀረቡ፤ እርሱም መልስ ያጡትን ጥያቄዎች መጠንና በመዝገቡ የያዙትን ቦታ በአንድነት ተመልክቶ ማስጠንቀቂያ የሚያስተላልፍ ነው። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ነገር፣ መዝገቡ ለጥቃት መግቢያ የመሆኑን ያህል ለመከላከያው ዓይን መሆኑ ነው። የዛሬው ራውተር ጥያቄና መልስን ስለማያዛምድ እንዲህ ያለውን ቆጠራ ማድረግ አይችልም።

ሆኖም ዘዴዎቹ ሦስት ድካሞች አሏቸው። አንደኛ፣ ከአጥቂው ርቆ በሚገኝ ራውተር ላይ የክፉውና የደጉ ጥያቄ በአንድ በር ተቀላቅሎ ስለሚገባ መለየቱ ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ አጥቂው ተባባሪ አቅራቢ ካዘጋጀ፣ ተባባሪው ለእያንዳንዱ ጥያቄ የዕድሜው ማብቂያ ሲቃረብ መልስ ሊልክ ይችላል። ያን ጊዜ ቆጠራው ሁሉም ነገር ደኅና መሆኑን ያመለክታል፤ መዝገቡ ግን እንደተጨናነቀ ይውላል። ሦስተኛ፣ ያለ አንዳች ክፋት፣ በአቅራቢው ብልሽት ወይም በመስመር መቆረጥ ምክንያት መልስ ያላገኘ ንጹሕ ደንበኛ እንደ አጥቂ ሊቆጠር ይችላል።

አቅራቢው «የጠየቅኸው ነገር የለም» ብሎ ቢመልስስ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ይህ መልስ መስመሩን ቶሎ ያስለቅቃል። ነገር ግን መልሱ ካልተፈረመ፣ ማንም ያለን ነገር የለም እያለ ሌላውን አገልግሎት ሊነፍገው ነው። ከተፈረመ ደግሞ አቅራቢው ለእያንዳንዱ የሐሰት ስም ሲፈርም ጉልበቱን ይጨርሳል። ሐሰተኛውን ጥያቄ ለመጻፍ ርካሽ ሲሆን ለመመለስ ውድ ነው፤ አገልግሎት የመንፈግ ጥቃት ሁሉ ሥሩ ይህ የዋጋ አለመመጣጠን ነው።

የተመረዘና የተበላሸ ማከማቻ

እስካሁን የተነገረው ስለ መዝገቡ ነው። ማከማቻውም የራሱ ሁለት አደጋዎች አሉት።

የመጀመሪያው ሐሰተኛ ይዘት በእውነተኛ ስም ማስገባት ነው። በመንገድ ላይ ያለ አጥቂ ለአንድ ጥያቄ ከትክክለኛው መልስ ቀድሞ የውሸት መልስ ቢልክ፣ ራውተሩ በማከማቻው አስቀምጦ ለመጪው ሁሉ ያድለዋል። ተጠቃሚው ፊርማውን ሲመረምር ሐሰት መሆኑን ያውቃል፤ እንደገና ሲጠይቅ ግን ራውተሩ ያንኑ የተመረዘ ቅጂ ይመልስለታል። ስለዚህ ተጠቃሚው ባይታለልም የፈለገውን ሳያገኝ ይቀራል።

ራውተሩ ራሱ ፊርማውን ይመርምር ቢባል ሁለት እንቅፋት አለ። በሴኮንድ ሚሊዮን ፓኬቶችን ለሚያሳልፍ መሣሪያ እያንዳንዱን ፊርማ ማረጋገጥ ከባድ ሸክም ነው። ከዚያም በላይ ፊርማው ትክክል ቢሆንም የማን ቁልፍ እንደሆነና ለዚያ ስም የመፈረም ሥልጣን እንዳለው ራውተሩ ከየት ያውቃል? ሊቃውንቱ ያቀረቡት መፍትሔ ሸክሙን ወደ ጠያቂው የሚያዛውር ነው። ጠያቂው በጥያቄው ላይ የትኛው ቁልፍ የፈረመውን እንደሚፈልግ ይጠቅሳል፤ ወይም የይዘቱን የስሌት አሻራ ቀድሞ የሚያውቅ ከሆነ አሻራውን ይጽፋል። ያን ጊዜ ራውተሩ የሚመረምረው በተነገረው ቁልፍ ወይም አሻራ መሠረት ብቻ ነው። የ2019 ደንብ ለሁለቱም ቦታ ሰጥቷል። ይህም ሲሆን የመጀመሪያውን ቁልፍ ወይም አሻራ ተጠቃሚው በታመነ መንገድ ማግኘት አለበት፤ የእምነት ጥያቄው ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም።

ሁለተኛው አደጋ ማከማቻውን በማይረባ ነገር መሙላት ነው። አጥቂው በእርግጥ ያሉ፣ ነገር ግን ፈላጊ የሌላቸውን ይዘቶች አከታትሎ ይጠይቃል፤ ራውተሩም ተወዳጆቹን እያስወጣ እነዚህን ያከማቻል። እያንዳንዱ ጥያቄ ሕጋዊ ነው፤ እያንዳንዱ መልስ በትክክል የተፈረመ ነው፤ የሚጣስ ደንብ የለም። የሚጠፋው የማከማቻው ጥቅም ነው። ከመከላከያዎቹ አንዱ፣ ይዘት በመጀመሪያ ጥያቄ ብቻ እንዳይከማችና ተደጋግሞ የተፈለገው ብቻ ቦታ እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

ይህ አደጋ ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው ወደ ዓለም አቀፉ መረብ የሚወጣው መስመር ውድና ውስን የሆነበትን አገር ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር የሌላት አገር በመሆኗ ከባሕር ሥር ከተዘረጉት ኬብሎች ጋር የምትገናኘው በጎረቤት አገሮች በኩል በሚያልፍ መስመር ነው። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ መቶ ተማሪዎች በውጭ አገር የተቀመጠ አንድ ትምህርት ቢጠይቁ፣ በአቅራቢያ ማከማቻ ከሌለ ያው ይዘት መቶ ጊዜ ያን ረጅም መንገድ ይጓዛል። ማከማቻ ካለ አንድ ጊዜ መጥቶ ለሁሉም ይበቃል። ስለዚህ ከማከማቻው ይበልጥ የሚጠቀመው አቅሙ ውስን የሆነው ነው፤ ማከማቻው ሲበላሽ ይበልጥ የሚጎዳውም እርሱው ነው። ባለ ሰፊ መስመር የሆነው ቢዘገይ ነው፤ ባለ ጠባብ መስመር የሆነው ግን ጭርሱን ይቋረጥበታል።

ከመዝገቡ ማምለጥ ይቻላልን?

አደጋው ከመዝገቡ የመጣ ከሆነ መዝገቡ ለምን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት ተነሥተዋል። በ2015 ሴሳር ጋሊ፣ ሱዲክ፣ ኡዙንና ክሪስቶፈር ዉድ ያለ እንጥልጥል መዝገብ የሚሠራ ንድፍ አቀረቡ። በእነርሱ አሳብ ጥያቄው የመመለሻውን ስም ራሱ ይዞ ይጓዛል፤ ይዘቱም በዚያ ስም ይመለሳል። ይህ በ1996 ከተገኘው መፍትሔ ጋር ዝምድና አለው፤ ሸክሙ ከመዝገቡ ወደ ፓኬቱ ተዛውሯልና።

ነገር ግን ዋጋ አለው። ጠያቂው ስሙን ስለሚያስታውቅ ማንነቱ መደበቁ ይቀራል። በሌላ ሰው ስም ጠይቆ መልሱን በእርሱ ላይ ማዝነብ እንደገና ይቻላል። ያልተጠየቀን ይዘት በመጀመሪያው ራውተር ላይ የመጣል ጥቅምም ይቀራል። በሌላ አነጋገር፣ መዝገቡን የጣለ ሰው የጥያቄን ጎርፍ ቢያስወግድም የጥንቱን የመልስ ጎርፍ መልሶ ያስገባል። እንግዲህ ምርጫው በአደጋና በደኅንነት መካከል አይደለም፤ ከሁለት አደጋዎች የትኛውን መቆጣጠር ይቀላል የሚል ነው። መዝገቡ እንዲቀር የሚሹት መዝገብ ሲሞላ ማንም እንደማያተርፍ ያስረዳሉ። እንዲቆይ የሚሹት ደግሞ ራውተሩ መዝገቡ ከሌለው በጨለማ እንደሚሠራ ያስረዳሉ። የሁለቱም ማስረጃ ክብደት አለው፤ ሆኖም የጥቃቱን ምንጭ ፈልጎ ለማግኘት የሚያስችለው መዝገቡ መሆኑ ሚዛኑን ወደ ሁለተኛው ወገን ያዘነብለዋል። በአንጻሩ መዝገቡ ለእያንዳንዱ በርና ለእያንዳንዱ የስም መነሻ ድርሻ ሳይወሰንለት መከፈት እንደሌለበት ግልጽ ነው።

ከወዲሁ የሚገኝ ትምህርት

አዲሱ ንድፍ ገና በምርምርና በሙከራ ደረጃ ላይ ያለ ስለሆነ ይህ ሁሉ የሩቅ ጉዳይ የሚመስለው ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ያው ጥቃት በዛሬው ኢንተርኔት ውስጥ ሥራ ላይ ውሏል። የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው የስም አገልግሎት በስም የሚጠይቁት፣ መልሱን የሚያከማች፣ በእንጥልጥል ያለውን ጥያቄ በመዝገብ የሚይዝ ሥርዓት ነው። ከ2014 ጀምሮ አጥቂዎች በአንድ ድርጅት ስም ላይ ትርጉም የሌላቸው ፊደላት እየጨመሩ የሌሉ ስሞችን በብዛት መጠየቅ ያዙ። በመካከል ያሉት የስም አገልጋዮች መልስ ሲጠብቁ መዝገባቸው ሞላ፤ ከጥቃቱ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ደንበኞቻቸውም አብረው ተጎዱ። በ2016 ይፋ በወጣው የሚራይ ፕሮግራም ውስጥም ይህ ዘዴ ተካቶ ተገኝቷል።

ከዚያው መስክ አንድ ጥሩ መድኃኒትም ተገኝቷል። ባለ ስሙ ድርጅት ስሞቹን በፊደል ተራ ደርድሮ፣ «በዚህ ስምና በዚያ ስም መካከል ሌላ ስም የለም» የሚል የተፈረመ ቃል አስቀድሞ ያዘጋጃል። በጁላይ 2017 የታተመው አር.ኤፍ.ሲ. 8198 የመካከሉ አገልጋይ ያን ቃል አከማችቶ፣ በዚያ ክልል ውስጥ ለሚመጣ የሐሰት ስም ሁሉ ማንንም ሳይጠይቅ መልስ እንዲሰጥ ፈቀደ። አንድ ፊርማ ለብዙ ሺህ የሐሰት ጥያቄ በቃ ማለት ነው፤ የዋጋው ሚዛን ተገለበጠ። ዘዴው ስሞቹ አስቀድመው ለሚታወቁበት ይዘት የሚስማማ ሲሆን፣ በተጠየቀ ጊዜ ለሚፈጠር ይዘት ግን አይሠራም። ያም ሆኖ የመፍትሔውን አቅጣጫ ያመለክታል፦ የሌለን ነገር አለመኖር ማስረዳት አቅራቢው ሳይጨነቅ፣ ለጠያቂው ቅርብ በሆነ ቦታ፣ በታመነ ቃል ሊፈጸም ይችላል።

የተከበራችሁ አባላት፤

ከዚህ ሁሉ ለሙያው የሚተርፉ ሦስት መመዘኛዎች አሉ። ማንኛውም መሐንዲስ መረብም ይንደፍ፣ የባንክ ወይም የሐኪም ቤት የአገልግሎት ሥርዓት፣ ለማይታወቅ ጠያቂ የሚይዘው መዝገብ ልኩ ስንት እንደሆነ፣ ሲሞላም ማን በቅድሚያ እንደሚወጣ አስቀድሞ ይወስን። የመጠየቅን ዋጋና የመመለስን ዋጋ ጎን ለጎን ያስላ፤ ልዩነቱ በሰፋበት ቦታ ጥቃት እንደሚመጣ ይቁጠር። የመከላከያ ገደብም ሲያበጅ፣ ያ ገደብ በክፉ እጅ ቢወድቅ ቅኑን ደንበኛ ለመንፈግ ያገለግል እንደሆነ ይፈትን።

በይዘት ላይ የተመሠረተው ንድፍ እነዚህን ጥያቄዎች ከመስፋፋቱ በፊት የገዛ ፈጣሪዎቹ ማንሣታቸው መልካም ምልክት ነው። የዛሬው ኢንተርኔት ይህን ዕድል አላገኘም፤ ጥያቄው የተጠየቀው ዓለም በላዩ ከሰፈረ በኋላ ነው። የታነጸ ቤት መሠረቱን ለመቀየር መከራ ነው፤ በወረቀት ላይ ያለ ንድፍ ግን በእርሳስ ይታረማል። ስለሆነም በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ያለው ባለሙያ ይህን መስክ ገና በንድፍ ላይ ሳለ ቢከታተለውና አሳቡን ቢያዋጣበት፣ ነገ በሌሎች የተሠራውን ተቀብሎ ጉድለቱን ከመሸከም ይድናል።